ከታንኳዎቹ መሃል የቆመው ጊታር

ታላቅ ወንድሜ ሁለት ጊታር አለው። የሁለቱም ክር ብረት ነው። አዲሱ ጥቁርና አብረቅራቂ ሲሆን ከድምፅ ማጉያ ጋር ይሰካል፤ ለሠርግ የሚይዘው እሱን ነው። አሮጌው በዕድሜ እኔን ይበልጣል። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል። አዲሱ ሲመታ ድምፁ ፈጥኖ ይደርሳል፤ የአሮጌው ግን ከውስጥ ቆይቶ፣ ሞቅ ብሎ ይወጣል። ክሩን ከለቀቅሁት በኋላ እንኳ ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይቆያል። ጣና ዳር ብቻዬን ተቀምጬ የምጫወተው እሱን ነበር። ሰው ፊት ግን ነክቼው አላውቅም። ስሜን ሲጠሩኝ እንኳ አቤት ለማለት ድምፄ አይወጣም።

ክረምቱ ሲወጣ ወንድሜ አሮጌውን ይዞ ደቅ ደሴት ዘመድ ጥየቃ ሄደ። ሲመለስ ማዕበል ጀልባው ውስጥ ገብቶ ጊታሩን አራሰው።

አባቴ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ታንኳ ከውኃ ሲወጣ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፤ ፀሐይ ካላገኘ ይበሰብሳል። ጊታሩንም ከታንኳዎቹ መሃል ሾላው ላይ አስደግፈው ፊቱን ለፀሐይ ሰጡት። ከሩቅ ሳየው ትንሽ ታንኳ መሰለኝ። ከኋላው ሐይቁ ያብለጨልጫል፤ ነፋሱ ክሮቹን ሲነካቸው የሰማሁ ይመስለኝና መልሶ ዝም ይላል።

ከሰዓት በኋላ ጊታሩ ጧ አለ። ፊቱ ከቀዳዳው እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ደንገል አይደለም!» አለ ወንድሜ።

«እንጨትስ ፀሐይ ፈርቶ ያውቃል እንዴ?» አሉ አባቴ። ጣታቸው ግን ስንጥቁን ደጋግሞ ይዳብስ ነበር።

ክሮቹን አላልተው፣ ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞልተው፣ ሆዱን እንደ ታንኳ በደንገል ገመድ ጠፍረው አሳደሩት። ወንድሜ ግን ተስፋ ቆርጧል። ሐይቅ ዳር ካፌ ላለው ጓደኛው ለግድግዳ ጌጥ እንዲወስደው ነገረው።

ጠዋት ባለካፌው መጣ። አባቴ ገመዱን እየፈቱ፣ «ሳይሞከር ይሄዳል?» አሉ።

«ማን ይሞክረው? እኔ አዲሱ አለኝ» አለ ወንድሜ። ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «እሷ እንዳትሉኝ ብቻ! የጣና ዓሣ ከእሷ የበለጠ ያወራል።»

ባለካፌውም ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ ታየኝ። ተነሥቼ ከአባቴ እጅ ወሰድሁት። ማንንም ላለማየት ወደ ሐይቁ ዞሬ ተቀመጥሁና ክሮቹን ቀስ እያልሁ ወጠርሁ። የመጀመሪያውን ስነካ ከስንጥቁ በኩል እንደ ንብ እዝዝ የሚል ነገር ተሰማኝ። ከዚያ ያ የማውቀው ሞቅ ያለ ድምፅ ከሥሩ መጣ። አንዱን ዜማ ሳላቆም እስከ መጨረሻው ተጫወትሁ።

ስጨርስ ባለካፌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ለግድግዳ የፈለግሁት ዝም የሚለውን ነው» አለ ለወንድሜ። «ይኼ ያወራል። ተወው።»

አባቴ የደንገሉን ገመድ እየጠቀለሉ ወደ እኔ መጡ።

«ወደ ጥላው ውሰጂው» አሉ።