በፍልሰታ የቀረበው ጅብና

ባለፈው እሑድ የወንድሜ የቢንያም ልጅ ክርስትና ተነሣች። ኦምዱርማን በተከራዩት ቤት በጦርነቱ ምክንያት መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ የጋዝ ሲሊንደሩም ባዶውን በሩ ሥር ተጋድሟል፤ ስለዚህ ሳይበስል የሚበላ ነገር እናቅርብ ተባባልንና ቢንያም ከገበያ ሙዝና ዘይቱን፣ አንድ ትልቅ ሀብሀብ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነውንም የሱዳን አይብ፣ እዚህ ሁላችንም ጅብና የምንለውን፣ ተሸክሞ መጣ። ወጥ ቤት ቆሜ የጅብናውን ላስቲክ ስፈታ የጨው ውሃውና የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ፤ ያ ሽታ ወደ ልጅነት ሰፈራችን ወደ ጀብራ፣ አባባ ከጅዳ ወደ ተመለሰበት የክረምት ቀን ይዞኝ ሄደ።

ጀብራ የምንኖረው ሐጃ ሱዓድ በሚባሉ ሱዳናዊት ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር። አባባ ሾፌር ሆኖ ለመሥራት ወደ ጅዳ ሲሻገር እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነው፣ ቢንያም ደግሞ ጡት አልጣለም። ስለዚህ ቢንያም አባቱን የሚያውቀው ግድግዳችን ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ አባባ» ይለዋል፣ ማታ ደግሞ ያየውን የሰማውን ሁሉ፣ የጎረቤት ድመት መውለዷን ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራለታል። ፎቶው ደረት ላይ የሚያበቃ በመሆኑ አባታችን እግር የለውም ብሎ ያምን ነበርና፣ አባባ የግቢውን በር ከፍቶ በገባ ጊዜ ሁላችን ፊቱን ስናይ እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ነበር የሚመለከተው።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። በዋዜማው የጣለው ዝናብ ጀብራን ጭቃ በጭቃ አድርጎታል፤ የጋዝ ጋሪው ወደ ሰፈሩ መግባት አልቻለም፣ ከሰላችንም ጎርፉ ገብቶበት እንደ ቡላ ለስልሷል። እማዬ ባሏን በሽሮ እንኳ ልትቀበለው ባለመቻሏ ጥቂት ተክዛ ተቀመጠችና ድንገት ብድግ አለች። በጽዳት የምትሠራበት የፈረንጆች ቤት እንግዳ ሲጠራ ፍራፍሬና አይብ ተቆራርጦ በአንድ ትሪ ሲቀርብ አይታ፣ ማታ ቤት ስትገባ «እሳት ሳይነድ ድግስ ይባላል?» እያለች ታስቀን ነበር፤ ያን ቀን ግን የሐጃን ትልቅ ትሪ ተውሳ፣ አጥባ፣ ወልውላ እሱኑ መሥራት ያዘች። ሀብሀቡን በሦስት ማዕዘን ቆራርጣ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ደረደረችው። ሙዙ እንዳይጠቁር ሎሚ ጨመቀችበት፣ የተምሩን ፍሬ እያወጣች በቦታው ለውዝ ከተተች፣ ዘይቱኑን አራት አራት አድርጋ መሐሉን ሞላችው፤ ክፍላችን በዘይቱን ሽታ ታወደ። ጅብናውን ለብቻው በሳህን አድርጋ፣ ጉንጉኑን ክር በክር ፈትታ፣ ሐጃ ሱዓድና ልጆቻቸው በሚቀመጡበት በኩል አኖረችውና እጇን በሳሙና ታጠበች።

«ይሄ የእንግዶቹ ነው» አለችን። «የእኛ ወዲህ ያለው ነው።»

ቢንያም በዚያ ዓመት ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ፍልሰታን ሙሉውን ልጹም ያለው። ወተትና እንቁላል ባየ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ ያኮራው ነገር ቢኖር ያ ጾም ነው።

ከቀትር በኋላ ትሪውን ከበን ተቀመጥን። አባባ ወፍሯል፣ አዲስ ሽቶ ይሸታል፣ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው ብላ እማዬ ለሐጃ ስትነግራቸው ፊቷ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ቢንያም የአባባን ጉልበት አቅፎ፣ ፎቶው ላይ ያልነበሩትን እግሮች እየነካካ ተቀምጧል። አባባ በአፉ ውስጥ የማይሰማ ነገር አጉተመተመና እጁን ዘረጋ፤ እጁ ከሀብሀቡ በላይ፣ ከተምሩ በላይ አልፎ ጅብናው ላይ አረፈ። በዳቦ ጠቅልሎ ጎረሰ።

«አባባ፣ አባባ! እሱ የእኛ አይደለም!» ቢንያም እየሳቀ ጮኸ። «ጾም ነው እኮ!»

የአባባ መንጋጋ ቆመ። መዋጥም መትፋትም አቅቶት ጉንጩን እንደሞላ እማዬን አያት፤ እማዬ የውሃ ጆግ ይዛ ቆማ ነበር። ሰው ጾም ረስቶ ሲሳሳት ይስቃል፣ ያማትባል፣ «ይቅር በለኝ» ይላል። የአባባ ፊት ግን እንደዚያ አልነበረም፤ በልጅነቴም ያንን ለይቼዋለሁ።

ቀድመው የተናገሩት ሐጃ ሱዓድ ናቸው። «ኻላስ! ሙሳፊር ነው» አሉ በአረብኛ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። «እኛም ዘንድ መንገደኛ ጾም አይገደድም። ያላ፣ ብሉ!»

«አዎ፣ መንገደኛ ነው» አለች እማዬ፤ ጆጉን ቀስ ብላ ትሪው አጠገብ አስቀመጠችና የሐጃን ልጆች ብሉ እያለች ታግደረድር ጀመር። ቢንያም ከዚያ በኋላ አልሳቀም። አንዴ እሷን፣ አንዴ አባባን ያያል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቢንያም ጎርፉ የተኛበት ጉድጓድ ውስጥ እንቁራሪት ሊያይ ወጣ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ሳህን አጥባለሁ። እማዬ ድምፅዋን አላነሣችም።

«ረስተኸው ነው ወይስ ትተኸው?»

አባባ ጅዳ ሌላ ትዳር እንዳለው፣ ለትዳሩ ሲል ሃይማኖቱን እንደቀየረ፣ ሊነግራት መጥቶ ከየት እንደሚጀምር እንደጠፋው ነገራት። ከዚያ የሰማሁት የእማዬን ለቅሶ አይደለም፣ የትሪውን ድምፅ ነው፤ የተረፈውን ሀብሀብ ቆሻሻ መጣያው ላይ ታራግፍ ነበር።

በማግሥቱ ሐጃ ሱዓድ ሰሙና አባባን ግቢው መሐል አቆሙት። «የሃይማኖትህ ነገር በአንተና በአላህ መካከል ነው» አሉት። «ሚስትህን ይህን ያህል ዘመን በተስፋ ማቆየትህ ግን በማንም ሃይማኖት ሐራም ነው።» አባባ አንገቱን እንደደፋ ሰማቸው። መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ከእኛ ጋር ሰነበተ፤ ቢንያምን ሱቅ ይወስደዋል፣ ፀጉሩን ይላጨዋል፣ ጫማ ይገዛለታል። ከዚያ አንድ ጠዋት ሪክሻ ጠርቶ ሻንጣውን ጫነና ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ከጅዳ ይደውል ነበር፤ እሱም እየቆየ ቀረ።

እማዬ በፈረንጆቹ ቤት እየሠራች አሳደገችን። ይህን ጦርነት ሳታይ ዐረፈች፤ እንኳን አላየችው እላለሁ። ጀብራ ተመልሼ ስሄድ የክፍላችን ጣሪያ የለም፣ ሐጃ ሱዓድ የት እንደገቡ የሚነግረኝ ጎረቤትም አላገኘሁም። ያጣነውን ስቆጥር ሁልጊዜ የምቆጥረው እነዚህን ነበር፤ አባት፣ እናት፣ ቤት፣ ሰፈር።

ይህን እያሰብኩ ቢንያም ወጥ ቤት ገባ። ዛሬ ቢንያም ሲናገር ሰው ጆሮውን ማስጠጋት አለበት፤ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው ብለን ለምደነዋል፣ ሚስቱም አማት ቤት ስትገባ እንዲያ ብለን ነው የነገርናት። የፈታሁትን ጅብና አየና አጠገቤ ቆመ።

«ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ አባባ ከእኛ ጋር ይቀር ነበር?» አለኝ።

እሱ ያስታውሰዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔና እማዬም ስለዚያ ቀን አንስተንለት አናውቅም፣ ልጅ ነው ይረሳዋል ብለን። «ቢኒዬ፣ ሊሄድ ነው የመጣው» አልኩት። «ሻንጣውን እንኳ አልፈታም ነበር። አንተ ያደረግከው ምንም ነገር የለም።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነኝ ግን አልመሰለኝም። ፎቶግራፍ ፊት ቆሞ የጎረቤት ድመት መውለዷን እየጮኸ የሚያወራው ልጅ ትዝ አለኝ። ከዚያ ክረምት ወዲህ ያንን ድምፅ ሰምቼው እንደማላውቅ፣ ከጠፉብን ነገሮች ጋርም አንድ ቀን ቆጥሬው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። የበኩር ልጁ ጓዳ ውስጥ ታለቅሳለች፣ እንግዶቹ ሳሎን ይጠብቃሉ። ቢንያም ትሪውን አነሣና በሩ ላይ ሲደርስ፣ ዞር ሳይል፣

«እኔ እኮ የነገርኩት ጾሙ እንዳይፈርስበት ብዬ ነው» አለኝ።