ሲስተር ሩት የስሟን ትርጉም የጠየቀችበት ሳምንት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና የምትሠራው ሩት ይልማ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የስሟን ትርጉም አታውቅም ነበር። ቀወት ገጠር ባደገችበት መንደር ከእሷ በቀር ሩት የሚባል ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ስሟን «ሩጥ» እያሉ፣ ባለፈች ቁጥር «ሩጪ! ሩጪ!» ብለው ይጮኹባት ጀመር። አንድ ቀን እያለቀሰች ቤት ገባችና እናቷን ብዙነሽን «ለምንድን ነው እንደ ሰው ስም ያላወጣሽልኝ?» አለቻት።

ብዙነሽ ማሾ እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «የንስሐ አባታችን፣ አባ ናቸው ያወጡልሽ» ብላ መልቀሟን ቀጠለች። ሩትም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

አባቷን አታውቀውም፤ ይልማ እሷ ሳትወለድ በወባ ሞቷል። ያሳደጓት እናቷና የአባቷ እናት ናቸው። ሁለቱ ሴቶች አንዲት ማሳ እያረሱና እያሳረሱ፣ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ዘንድ በቀን ሥራ እየዋሉ አስተማሯት። አያቷ ያረፉት ሩት ነርስነት በተመረቀች ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት በዚያው ጤና ጣቢያ ስትሠራ፣ ከከተማውም ከገጠሩም የሚመጡት እናቶች «ሲስተር» ብቻ ስለሚሏት ስሟ ትዝ የሚላት ደመወዝ ስትፈርም ነበር።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዙልፋ የምትባል ወጣት ከቀወት በባጃጅ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ምጡ ከጀመራት አንድ ቀን አልፎታል። አብራት የመጣችው እናቷ ፋዲላ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማይጠፋት ሴት ነች። የዙልፋ ባል ሱፍዋን የከባድ መኪና ረዳት ስለሆነ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር።

ልጅቷ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተወለደች፤ ግን አላለቀሰችም። ሰውነቷ ልል ነው፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሩት እትብቱን ቆርጣ በፎጣ ጠራረገቻት፣ ጀርባዋን አሸት አሸት አደረገቻት፤ ምንም የለም። ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ የአየር መስጫውን ጭምብል አፍና አፍንጫዋ ላይ ገጠመችና መጭመቅ ጀመረች። ዙልፋ ከአልጋዋ «ለምን ዝም አለች? እማዬ፣ ለምን ዝም አለች?» ትላለች። ፋዲላ ግድግዳውን ተደግፋ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች። ሩት እየቆጠረች ጨመቀች። የሕፃኗ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች፤ እጇን ስታቆም ደረቷም ይቆማል። እንደገና ጀመረች። ለሦስተኛ ጊዜ ስታቆም ሕፃኗ እንደ ማሳል አለች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ቀጭን ድምፅ አወጣች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ፋዲላ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ።

አመሻሽ ላይ እናትና ልጅ ሁለቱም ሲረጋጉ፣ ፋዲላ ሩትን እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

«ሩት እባላለሁ።»

«ልጅቷን በስምሽ ልንጠራት ነው። ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«አላውቀውም፣ እትዬ ፋዲላ» አለች ሩት።

«እንዴት አታውቂውም? የራስሽ ስም አይደል እንዴ?»

«አዎ፤ ግን ጠይቄ አላውቅም።»

ፋዲላ አዘነችላት እንጂ አልሳቀችባትም። «እኛ ትርጉሙን ሳናውቅ ስም አናወጣም» አለቻት። «በግ አርደን ስም የምናወጣበት አቂቃዋ በሰባተኛው ቀን፣ ሰኞ ነው። እስከዚያ ጠይቂና መጥተሽ ንገሪን። እንጠብቅሻለን።»

ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ስልኳ ላይ ፈለገች። ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው ይላል። አንዱ «ባልንጀራ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሌላው «ርኅራኄ» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የመጀመሪያዋ ሩት ዕብራዊት ሳትሆን ባዕድ ስለነበረች ሥሩን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም ይላል። ሩት ግራ ገባት። በማግስቱ የቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ለሆነችው ለጓደኛዋ ለትዕግሥት ነገረቻት።

«ትርጉሙን እንኳ እኔም አላውቅም» አለች ትዕግሥት፣ መዝገቡን እየገለጠች። «ግን ከመስከረም ወዲህ ብቻ አራት ሩት መዝግቤያለሁ። ከሐና ቀጥሎ አንቺ ነሽ! ለምን እንዳወጡት ስጠይቃቸው አጭር ነው፣ ለአፍ ይቀላል ይሉኛል።»

ሩት በልጅነቷ ብቻዋን ያለቀሰችበት ስም አሁን ፋሽን መሆኑ አሳቃት። ያም ቢሆን ለፋዲላ የሚሆን መልስ አላገኘችም። እሑድ በባጃጅ እናቷ ዘንድ ሄደች።

ብዙነሽ ከቤቷ በስተጀርባ የተቆረጠ ማሽላ ታሰጣ ነበር። ሩት ዛላውን እያቀበለቻት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እናቷ ሥራዋን ሳታቋርጥ ተናገረች።

«አባትሽ ሲሞት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። በወሩ አባቴና ወንድሜ ሀይሉ ከደብረ ሲና በቅሎ ይዘው ወረዱ። ‹ቆላው አንዱን በልቷል፣ ሁለተኛ አንሰጥም፤ ተነሽ› አሉኝ። አያትሽ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። ሌላ ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። ‹ሂጂ› አላለች፣ ‹ቅሪ› አላለች።»

«አንቺስ?»

«‹አልሄድም› አልኩ። አባቴ ተቆጣ። ‹እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ደብረ ሲና ሰው የለሽም› ብሎ በቅሎዋን ባዶዋን መልሶ ወጣ።» ብዙነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ፣ አባ ‹የቤት ስሟ ማነው?› አሉኝ። ‹አላወጣሁላትም፣ አባት የላት› አልኳቸው። ያደረግኩትን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ‹ባሏ ሞቶባት አማቷን አልተውም ያለች ሴት በጥንት ዘመን ነበረች፤ በእሷ ጥሪያት፣ ሩት በያት› አሉኝ። ‹ምን ማለት ነው አባ?› አልኳቸው። ‹ባልንጀራ ማለት ነው› አሉ።»

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባቴ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። የሰማሁት ከአርባው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ማውራት አስጠላኝ።»

«ይጸጽትሻል?»

«መቅረቴ አይጸጽተኝም፤ ዛሬም ቢሆን እቀራለሁ። አንድ ቀን ወጥቼ እግሩ ላይ አለመውደቄ ነው የሚቆጨኝ። መንገዱ እዚሁ እኮ ነበር።»

ማሽላውን አስጥተው ጨረሱና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቃ ዙልፋ ቤት ሄደች። በጉ ታርዷል፣ የሕፃኗ ፀጉር ተላጭቷል፣ ሱፍዋንም ከመንገድ ደርሷል። ፋዲላ ለክርስቲያን እንግዳዋ ብላ ለብቻው የማሾ ወጥ አሠርታ ነበር። የመንደሩ ቁርአን አስተማሪ ሸህ ሳልህ ከሰዎቹ መሃል ተቀምጠዋል። ሩት የእናቷን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ ብዙነሽን ያውቋታል፤ አንዲት አሮጊት «እኔ ያን ቀን በቅሎዋ ባዶዋን ስትመለስ አይቻለሁ» አሉ።

ሸህ ሳልህ ሲያዳምጡ ቆዩና «ስሙን በኛ ዘንድ አላውቀውም» አሉ። «ትርጉሙ ግን መልካም ነው። በዐረብኛ አኒሳ ስንል ባልንጀራ የምትሆን፣ አብሮነቷ የሚያጽናና ማለታችን ነው።»

ፋዲላ «እኔ በሲስተር ስም ብዬ ቃል ገብቻለሁ» ብላ ተከራከረች። ሱፍዋን አማቱንም ሸሁንም ማስቀየም ስላልፈለገ ወደ ሩት ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ሲስተር?» አላት።

ሩት እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሏት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ሌላ ሩት ስታስብ ሰንብታለች። ግን ሕፃኗን ሰጥተዋት ጭኗ ላይ እንደተኛች ስሙን ሞከረችው። «አኒሳ» አለች። ደግማ አለችው። «እሱ ይሁን። ማንም ሩጪ አይላትም።»

ሳቁ፤ ሸህ ሳልህ ዱዓ አደረጉ፤ ስሙም ጸደቀ።

ታኅሣሥ ሲገባ ሩት የሁለት ቀን ፈቃድ ወሰደችና እናቷን ሚኒባስ አሳፈረቻት። ብዙነሽ ሦስት ጊዜ ሐሳቧን ቀይራ ነበር፤ ኋላ ግን ወጣች። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ መስኮቱን ዘጋችው፤ ደብረ ሲና ሲደርሱ ደግሞ ቆሎ ሻጮቹን አልፋ የአባቷን ቤት መንገድ ማንንም ሳትጠይቅ አገኘችው። ሀይሉ አርጅቷል፣ በከዘራ ይሄዳል። በሩ ላይ ሲያያት መጀመሪያ አልለያትም። «ብዙነሽ ነኝ» ስትለው ከዘራውን ጥሎ አቀፋት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱና ሀይሉ የአባታቸውን መቃብር አሳያት። ብዙነሽ እዚያ ተንበርክካ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ምን እንዳለች ማንም አልሰማም። ስትነሳ ከብርዱ የተነሳ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሀይሉ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላትና «ቆለኛ ሆነሽ ቀርተሻል» አላት። ሰኞ ሊመለሱ ነበር ያሰቡት፤ ሀይሉ አልለቅም ስላላቸው ሩት ደውላ ፈቃዷን አስረዘመችና እስከ ረቡዕ ቆዩ።