የሙዝ ማር እና የአባታችን ጫማ

ዓርብ ከሰዓት... ድስቱን ገለበጥኩት፣ አልወርድ አለ። አናወጥኩት፣ አልወርድ አለ። ማማሰያው መሃል ላይ እንደ መብራት እንጨት ተገትሯል። እናታችን ሻይ ታጣፍጥበት የነበረውን የሙዝ ማር ልሠራ ተነስቼ አስፋልት ሠርቼ ቁጭ አልኩ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ... ይሄን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሶዶ ወፍጮ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ስሠራ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ዛሬ በዚያው አውራ ጣት ፌስቡክ ላይ እጽፋለሁ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ የባጃጅ ጥቅስ ሳላነብ አላሳልፍም። ባለቤቴ «ሰው እየሰማህ ነው፣ ሁሉን ጮክ ብለህ አታንብብ» ትለኛለች። ቅናት ነው።

እሁድ የክፍላችን መዝጊያ ነበር። አንዷ ቆሎ አመጣለሁ አለች፣ አንዱ ዳቦ... እኔ ብድግ ብዬ «ስኳር እንዳትገዙ! ሻዩን በእናቴ የሙዝ ማር አጣፍጠዋለሁ!» አልኩ። ሠርቼ አላውቅም። ግን ጽፌው ነበር። የተጻፈ ነገር ሁሉ የተሠራ መስሎኝ።

ልጆች ሆነን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ሲጠፋ እናታችንን አይጨንቃትም ነበር። ልጣጩ የጠቆረ፣ ገበያ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሙዝ ትሰበስባለች። ትቀቅለዋለች፣ በንጹህ ጨርቅ ትጨምቀዋለች፣ ጭማቂውን ብቻ መልሳ ትጥዳለች። ቀስ እያለ ይቀላል... ቤቱ በሙሉ ሙዝ ሙዝ ይላል። እኛ ማማሰያውን ለመላስ ተራ እንይዛለን። ተራው ሁልጊዜ የእኔ ነበር፤ ታናሽ ስለሆንኩ ሳይሆን ቶሎ ስለማለቅስ።

እናታችን ካረፈች ቆይታለች። አሠራሩን የምታውቀው ሁምቦ ያለችው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ አስቴር ብቻ ናት። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ደብተሬን ዘረጋሁና «ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከእንግዲህ ብትሞቺም ችግር የለም» አልኳት። በያዘችው ጭልፋ ልትለኝ ምንም አልቀራት። ብቻ ተናገረች፣ ጻፍኩ። መምህራችን «ዋናውን ሐሳብ ብቻ ለዩ» ብለውን ስለነበር ወሬዋን እየቆረጥኩ ጣልኩት። እትዬ ስታወራ ደግሞ የማታስገባው ነገር የለም። ተጣርቶ ሰባት መስመር ወጣው። ሰባተኛው «እስኪወፍር ይፈላል» ይላል።

እኔም እስኪወፍር አፈላሁት... አስፋልቱ እሱ ነው።

ደወልኩላት። ስቃ ስቃ ሲወጣላት «ነገ በጠዋት እመጣለሁ። ምንም እንዳትነካ!» አለች። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቅርጫት የጠቆረ ሙዝ ይዛ ከሚኒባስ ወረደች።

«እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቆሜ አነበብኩላት። ሰባቱንም መስመር፣ አንድ ቦታ ሳልደናቀፍ። ጭብጨባ ጠበቅኩ።

«የአባባ ጫማስ?» አለች።

«የምን ጫማ?»

«ነግሬህ የለም እንዴ! አረፋው ሲተኛ እማማ የአባባን ጫማ ወሬ ትጀምራለች ብዬ።»

«እሱማ ወሬ ነው ብዬ ቆረጥኩት።»

«ወሬ!» ደብተሬን ነጥቃ፣ ገልብጣ ይዛ አፈጠጠችበት። «አንተ ምሁር! እማማ ሰዓት ነበራት እንዴ? ሰዓቷ እሱ አይደል!»

ደብተሬን ተቀብዬ አጠፍኩት። 

እንደገና ጣድን። አረፋው ሲተኛ እትዬ ማማሰያውን ለእኔ ሰጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ጀመረች... በእናታችን ድምፅ፣ እናታችን ወሬዋን ገታ የምታደርግበት ቦታ ላይ ገታ እያደረገች፣ እናታችን ደረቷን የምትመታበት ቦታ ላይ ደረቷን እየመታች።

አባታችን እናታችንን ለመጠየቅ ከሽማግሌዎች ጋር ሲሄድ ጫማ ተዋሰ። ጫማው ጠበበው። ወንዙ ጋ ሲደርስ አውልቆ በእጁ ያዘው። መሃል ላይ አዳለጠው፣ አንዱን ውሃ ይዞት ሄደ። እናታችን እዚህ ላይ የተሻገረባቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ ትቆጥራለች፤ እትዬም ቆጠረች። እኔ አማስላለሁ። አባታችን በአንድ እግር ጫማ እናታችን ቤት ገባ፣ ባዶውን እግር ጉዝጓዙ ውስጥ ቀብሮ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ከብት አወሩ፣ ስለ ዘመድ አወሩ... እትዬ ሁሉንም አወራችው። በመጨረሻ አያታችን «ልጄን የሚወስደውን ሰው ቁመቱን ልየው፣ እስቲ ተነስ» አሉት።

«አውርድ!» ብላ ጮኸች እትዬ።

«ኧረ ገና ውሃ ነው!»

«አውርድ አልኩህ! አባባ ተነስቷል!»

አወረድኩት። ቀጭን ነው። የነገው ውርደቴ እየታየኝ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ እማማ ከጓዳ በስንጥቅ አየችውና ሳቀች። አያታችን ሳቋን ሰሙ። በቃ፣ ተዳረች። እሱን ማሩ እስኪቀዘቅዝ ነበር የምትነግረን።»

ማማሰያውን ሳነሳው ማሩ እየተሳበ ወረደ። ለካ የሚወፍረው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ቀመስኩት... እና ዓይኔ ውስጥ የወፍጮ ዱቄት ገባ። በዚያ ቀን ወፍጮ ቤት አልሄድኩም።

እትዬ አየችኝ። «ዛሬም በለቅሶ ተራ ልትወስድ ነው?»

እሁድ ሻዩ ጣፈጠ። መምህራችን ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው «አሠራሩን ጻፍልኝ» አሉ። ቅዳሜ ማታ አዘጋጅቼው ስለነበር ሦስት ገጽ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ገለጡ፣ እንደገና አነበቡ።

«ሙዙ የታለ? ይሄ እኮ የጫማ ታሪክ ነው!»

«መምህር» አልኳቸው፣ «ዋናውን ሐሳብ ብቻ ነው የጻፍኩት።»