መኪና አስተኚው

ጋራዡ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል፤ ሁሉም «አስተኚው» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከኤርባግ ሥራው ነው። የኤርባግ ሽቦ ከመንካቱ በፊት የባትሪውን ገመድ ይፈታል፤ ከዚያ በርጩማውን ስቦ ቁጭ ይላል። «ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉት «ትተኛ» ይላል፤ መኪናዋን ማለቱ ነው። ውስጧ የቀረው ኤሌክትሪክ ሳያልቅ ከነካካት፣ በግጭት ጊዜ ሰው እንዲያድን የተሠራው ከረጢት ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ቸኳይ ደንበኛ ግን የሚታየው ጣራ ጣራ የሚያይ ሰው ነውና «የሚተኛውስ እሱ ራሱ ነው» እያለ ያማዋል። ይማው! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው በሐሜት አይደነግጥም።

ይህን ሰው መላ ያሳጣችው የገዛ እህቱ ሚኒቫን ናት።

ታላቅ እህቱ በዚያች አሮጌ መኪና የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ታመላልሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መተዳደሪያዋ መኪናዋ ናት። መጀመሪያ የኤርባጉ ቀይ መብራት ሲበራባት አስተኚው በመመርመሪያ መሣሪያው የብልሽቱን ኮድ አነበበ፤ የሹፌሩ ወንበር ኤርባግ መስመር ተቋርጧል ይላል። ወንበሩ ሥር ያለችውን ቢጫ ሶኬት ልጆች ውሃ ደፍተውባት ዝጋለች። አጸዳት፤ ሥራ ማሳመር ስለሚወድ የተንዘላዘለውንም ሽቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሸክፎ አሰረው። መብራቱ ጠፋ። ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ተመልሶ በራ። እንደገና ሶኬቷን አጠበቀ፤ እንደገና በራ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል።

«የአንዷ ልጅ እናት መብራቱን አይታ፣ ይኼ ካልጠፋ ልጄን አላሳፍርም አለችኝ። ሌሎቹም ይከተሏታል። አምፖሏን ንቀልልኝና ልረፍ!»

«እትዬ፣ አምፖሏ ምን አጠፋች? እውነቱን ነው የምትናገረው።»

«እኔ እውነት አላማረኝም፤ ሥራዬን ነው የምፈልገው!»

አምፖል ነቅሎ የሚሸኝ ባለሙያ ሞልቷል። እሱ ግን የሚታየው የሚጋጭ መኪናና የማይከፈት ከረጢት ነበር፤ ከመሪው ጀርባ ደግሞ እህቱ።

«ነገ ጠዋት ሳታስነሺያት ቤትሽ እመጣለሁ» አላት። «እኔ ዘንድ ጤነኛ ናት። የምትታመመው አንቺ ጋ አድራ ነው።»

«እኔ ምን አደረግኋት?» ብላ ተቆጥታ ሄደች።

በማግስቱ እህቱ ጓዳ እያለች የመኪናዋን በር ከፈተ። የሹፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ግራ ገባው። እህቱ አጭር ናት፤ መሪውን አቅፋ ነው የምትነዳው። እሱ ራሱ ሲቀመጥበት እግሩ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። በዚያ ልክ የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ያውቃል፤ ያ ረጅሙ ጋሼ፣ የሞተው የእህቱ ባል።

ጎንበስ ብሎ አየ። ሽቦው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሮ ከሶኬቷ ሊወጣ ደርሷል። የወጠረውም ያ የሚያምር ማሰሪያው ነው። ያሰረው ወንበሩ እህቱ በምትነዳበት ቦታ ሳለ ነበር። መኪና አስተኚ ተብሎ እህቱ መኪናዋን እንዴት እንደምታስተኛ አልጠየቃትም።

እህቱ ቁልፍ ይዛ ወጣች፤ ወንበሩ ላይ ስታየው ቆመች።

«ወንበሩን ማታ ማታ ትገፊዋለሽ?»

«ልጠርግ ብዬ ነው» አለች ቶሎ።

«ደግ» አለና የባትሪውን ገመድ ፈታ። የቤቱ ደረጃ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። መኪናዋ እስክትተኛ ጠበቁ። መጨረሻ ላይ እህቱ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«ጉልበቱን መሪው እንዳይመታው ነው። እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ አላበድኩም። ግን ወንበሩ ወደ ፊት ተጠግቶ ሲያድር ቦታውን የነጠቅኩት ይመስለኛል።»

ተነስቶ ማሰሪያውን ቆረጠ፤ የሶኬቷን የላሉ ጫፎች ቀየረ፤ ሽቦውን በሌላ በኩል አዙሮ ዘና አድርጎ ለቀቀው። ባትሪውን መልሶ አሰረና ኮዱን አጠፋ።

«በይ ግፊው እስኪ» አላት፤ «እስከ መጨረሻው። ሽቦው ይደርስ እንደሆነ እንይ።»

ገፋችው። ቁልፉን አዞረች። ቀዩ መብራት እንደ ጤነኛ መኪና ደንብ በራ፤ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

«ሽቦው ደረሰ?»

«ደረሰ። በፊት ባንቺ ልክ አስሬው ነበር፤ አሁን በጋሼ ልክ ነው የለቀቅኩት።»

እህቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችና ሞተሩን አስነሳች። ልጆቹ እየጠበቋት ነበር።