ንጉሡ ሠ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ይስማው ይባላል። ስሙ ይስማው፣ ሥራው ማሰማት። ደብረ ማርቆስ፣ በእኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ጥሩምባውን ይዞ የሚዞረው እሱ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ሦስት መቶውን አባል ግን በቃሉ ያውቃል። እኔ ያንን የቃል ዕውቀት በኮምፒውተር ልተካ የተነሣሁ ሰው ነኝ።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። በ1990 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ሲመጣለት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዕድሜዬም አርባ አንድ ነበር። አብሮት የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ገጽ በገጽ ፈታሁት። በሁለተኛው ዓመት የራሴን ፕሮግራም ጻፍኩ። ከዚያ ዲግሪ ያላቸው ልጆች መጡና ወደ ፋይሎቼ ተመለስኩ። አልተከራከርኩም፤ ቂሙን ግን ሃያ ዓመት ይዤው ኖርኩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ ዘመናይ አሮጌ ላፕቶፗን ከባሕር ዳር ላከችልኝ። «ዜና ይዩበት ብዬ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። እኔ ግን በስልሳ ስድስት ዓመቴ እንደገና ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ቋንቋው ተለውጧል፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው። አንዲት ነጥብ ስትጎድል ዛሬም እንደ ድሮው ሥራው ሁሉ ቀጥ ይላል። ከስምንት ወር በኋላ የእድሩን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ጨረስኩ። የአባሉን ስም ሲጽፉለት ቤቱን፣ ቤተሰቡንና ስልኩን ያወጣል።

በስብሰባ ላይ ሳሳያቸው የእድሩ ጸሐፊ የብርጓል፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ ሞከረችው።

«ጋሼ፣ ይህን ስም በእሳቱ ሰ ስጽፈው የለም ይለኛል፤ በንጉሡ ሠ ስጽፈው ይወጣል።»

«በትክክለኛው ጻፊዋ።»

«ትክክለኛውን ሰው ሁሉ የት ያውቀዋል? ሁለቱን አንድ ያድርጉልን።»

«የማያውቅ ይማር።»

ይስማው ከኋላ፣ «የእኔ ጥሩምባ አንድ ሰ ብቻ ነው ያላት» አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። አልሠራሁትም። ደብረ ወርቅ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ እያሉ ሲያስጠኑኝ፣ ፊደል ያሳሳተ ጸሎት ያሳስታል ይሉኝ ነበር። ማሽን ሲመጣ የኔታን ልክድ ነው? እንዲህ ብዬ ኮራሁ። ይባስ ብዬ ከወረቀቱ መዝገብ ስሞቹን ስገለብጥ ስሕተት ያልኩትን ሁሉ አረምኩ። ፕሮግራሙን በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ መዝገቡን ግን ቤቴ ወስጄ ቆለፍኩበት። ማሽኑ ያላወጣው ሰው ጥሩምባ እንዳይነፋለት ያስወሰንኩትም እኔ ነኝ።

ባለፈው የካቲት አንድ ቀን ጠዋት የብርጓል ደወለች።

«ጋሼ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ መውጫ ያሉት ወይዘሮ ስርጉት አርፈዋል። ልጃቸው ጥሩነሽ እዚህ ቆማለች። ማሽኑ አባል የለም ይላል።»

«ካለች ያወጣታል። ካላወጣት የለችም።»

«ይስማው አውቃቸዋለሁ ይላል። ባላቸው ሲሞቱ የነፋሁት እኔ ነኝ ይላል።»

«ይስማው ስንቱን ያውቃል? የሌላ እድር ይሆናሉ በያት።»

ስልኩን ዘግቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ለወይዘሮ ሥርጉት ድንኳን አልተተከለም፤ ወንበር አልወጣም። ጥሩነሽ ከዘጠኝ ጎረቤቶች ጋር ሆና እናቷን ቀበረች። ተቀባብሎ የሚሸከም ሰው አንሶ አስከሬኑን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አሳርፈውታል። ይህን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ላፕቶፑን ከፈትኩና በንጉሡ ሠ «ሥርጉት» ብዬ ጻፍኩ። ከነቤት ቁጥሯ፣ ከነልጇ ስልክ ወጣች። የቆለፍኩበትን መዝገብ አወጣሁ። እዚያ በእሳቱ ሰ ተጽፋለች። የብርጓል የጻፈችው ልክ እንደ መዝገቡ ነበር።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ፤ ስሙ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ እንደሚወጣ የብርጓል ራሷ ኋላ ሞክራ ተናግራ ነበር። የእድሩ ዳኛ አካለ ወልድ፣ «የብርጓል፣ ፊደል ሳትለዪ ነው ልጆቻችንን የምታስተምሪ?» አላት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፤ ቀና አላለችም።

አንዱ ተነሥቶ ጸሐፊ ይቀየር አለ። ሌላው ደገፈው። ሦስተኛው ማን ይሁን ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰው እስኪናገር ድረስ ዝም አልኩ። ከበደሌ ሁሉ ለንስሓ አባቴ ልናገረው የከበደኝ ያ ዝምታ ነው። ከዚያ ተነሣሁ፤ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። የብርጓል አንድ ጊዜ አየችኝ። እስከ ዛሬም ጋሼ ብላ አልጠራችኝም፤ አቶ ደምለው ነው የምትለኝ።

ከስብሰባው በቀጥታ ጥሩነሽ ዘንድ ሄድኩ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ መደቡን ለቀቀችልኝ። እኔ ግን ቆሜ ነገርኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የስሙን ፍቺም ጨመርኩላት።

«ሥርጉት ማለት በግእዝ ያጌጠች ማለት ነው። በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ለዚህ ነው።»

«እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ በየትኛው እንደምትጻፍ ሳታውቅ ነው የኖረች» አለችኝ። «ማጌጡንስ በሰው ነበር የምታጌጠው» አለች።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «እግዜር ይበልዎ» አለችኝ። እኔም ሌላ የመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

አሁን ይስማው አውቀዋለሁ ያለው ሁሉ ይነፋለታል፤ ማሽኑ የሚጠየቀው ኋላ ነው። መዝገቡንም ለየብርጓል መልሻለሁ። ጥሩነሽን ባነጋገርኩ ማግስት ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቼ ሁለቱን ሰ አንድ አደረግኋቸው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ለሙከራ በእሳቱ ሰ «ስርጉት» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ወጣች።