ከመርፌው በኋላ የተለካው

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ስለ ኤም አር አይ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዲፊዩዥኑን ኮንትራስት ከወጋን በኋላ ብናነሳውስ? ያው ሥዕሉ ይመጣል አይደል?» አለችኝ። «ይመጣል» አልኋትና ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የኤም አር አይ ባለሙያ ነበርሁ። የአባቴ እህት እትዬ ጥሩነሽ የጡት ካንሰር ይዟቸው ከጉና ግርጌ መጡና እኔ ቤት ዐረፉ። ገብስ አጭደው፣ ድንች ቆፍረው አራት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቋጥረው ያመጡት በሶ ቤቴን አገር አገር አሸተተው።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት አነሳኋቸው። ከጥቂት ዙር በኋላ ደግሞ መድኃኒቱ መሥራቱ እንዲታይ ተመልሰው ማሽኑ ላይ ተኙ። ዲፊዩዥን የሚባለው በዕጢው ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሚላወስ ይለካል። ዕጢው ጥቅጥቅ ካለ ውሃው መላወሻ ያጣል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል፤ መድኃኒቱ ሲያሳሳው ቁጥሩ ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ኮንትራስቱን፣ ሥዕሉን የሚያደምቀውን ፈሳሽ፣ በመርፌ ከመስጠቴ በፊት ለካሁ። በሁለተኛው ቀን ግን ወረፋው አጣደፈኝና ረስቼ ፈሳሹን ቀድሜ ወጋሁ። ፈሳሹ ቁጥሩን ትንሽ ሊያወርደው እንደሚችል ተምሬያለሁ። ሌላ ቀን መቅጠር፣ ቢያንስ «ከመርፌ በኋላ የተለካ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ለክቼ ዝም አልሁ።

ሐኪሙ ዕጢውን ሲዳስሱትም እርግጠኛ ስላልነበሩ በቁጥሩ ተማመኑ። «ብዙም ለውጥ የለም፤ ከበድ ባለ መድኃኒት እንቀይረው» አሉ።

እትዬን ያለፈው መድኃኒት አፋቸውን አቁስሎ እህል አስጠልቷቸው ነበር። «ላይሠራ ነገር ለምን እቃጠላለሁ? አገሬ እገባለሁ» አሉ። ለመንኋቸው፤ እውነቱን ግን አልነገርኋቸውም። እንጀራዬን ፈራሁ። እሳቸውም አገራቸው ገቡ።

ገብሱ ሲያሸት ዝምታው አላስቀምጥ አለኝና በአውቶቡስ ሄጄ ከመንገዱ ሽቅብ ወደ ጉና በእግሬ ወጣሁ። ከደጃፋቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ ከስተው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ልጃቸው የተቀቀለ ድንች አቀረበችልኝ፤ አልነካሁትም።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያ ቁጥር የሚታመን አልነበረም፤ መድኃኒቱ ሠርቶልዎት ሊሆን ይችላል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«አልነገርሁም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርገው ብለህ አመጣኸው?»

«እንመለስና እነግራቸዋለሁ።»

«ማን ይሸከመኛል? ለቅዳሴ እንኳ መድረስ አቅቶኛል።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ገብሱ ሳይወቃ ዐረፉ። ከቀብር መልስ ለሐኪሙ ተናገርሁ። ልዩነቱ ኢምንት ሊሆን እንደሚችል፣ ቢቀጥሉም ላይድኑ ይችሉ እንደነበር ነገሩኝ። ሊያጽናኑኝ ነው።

ለተማሪዋ «አስቀድመሽ ለኪ፤ ከረሳሽም ጻፊው» ብዬ ትምህርቱን ቀጠልሁ። ስለ እትዬ ግን አልነገርኋትም። ያ መርፌ ምን ያህል እንዳሳሳተን አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። መርሳቴን ለራሴ ይቅር ብያለሁ፤ ሰው ይረሳል። ዝም ያልሁት ግን እያወቅሁ ነው።