የድኩላው ድስት

«ድኩላውማ ንጹሕ ነው፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው። ያረደው እጅ የማን ነው ነው የምለው!» አለች እናቴ፣ ደጃፉን በክንዷ አጥራ።

አከራያችን ጋሽ ያዕቆብ ትኩስ ድስት እንደያዘ ዝናብ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ በቆሎዬ ውስጥ ወጥመድ ያዘው። ሳይሞት ደርሼ፣ በኢየሱስ ስም ጸልዬ አረድኩት።»

«የጴንጤ ጸሎት ለቢላ አይሆንም።»

«ለወባዎ ስጸልይ ግን አሜን ብለዋል።»

«ወባ አይበላም!»

እናንተ ደላንታ የቀራችሁ ወገኖቼ፣ እዚህ ደቡብ ምዕራብ፣ ሸዋ ቤንች በሥጋ የምንጣላው ጠግበን አይደለም። እህቴ ዘነበች ልትወልድ ተቃርባለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። የሚዛን ከተማ ሐኪም «ደምሽ አልቋል፤ ክኒን ዋጪ፣ ቀይ ሥጋ ብዪ፤ እንዲህ ሆነሽ ከወለድሽ እፈራልሻለሁ» ብሏታል። ክኒኑን ታስመልሰዋለች። ሰፈራችን በሬ የሚጥለው ለበዓል ነው፤ በዓሉ ደግሞ ሩቅ ነው። የእናንተ ውርጭ ሥጋ ያቆያል፤ እዚህ የጠዋቱ ሥጋ ማታ ይሸታል።

ከደላንታ በወጣንበት ሌሊት አባታችን አውቶቡሱ ድረስ ሸኝቶን፣ «በሰው አገር ያልተባረከ እንዳታቀምሻቸው» ብሎ እናቴን አስምሏት ቀረ። በጋችንን በስመ አብ ብሎ የሚያርደው እሱ ነበር።

ጋሽ ያዕቆብ ክዳኑን ገለጥ አደረገ። ኮረሪማው ቤቱን ሞላው። «ድኩላ ሲሮጥ የሚውል ነው፤ ጮማ የለውም። እሳት ከበዛበት ጠፍር ይሆናል። በቅቤ፣ በለስላሳ እሳት ነው ያበሰልኩት። ጉበቱም አለበት። ደም ነው ይሄ፣ እትዬ።»

«አባባን ልጠይቀው» ብዬ ደወልኩ። የስልኳ ሴት ማግኘት አይቻልም አለች። ደገምኩ፤ ያንኑ አለች።

«አየህ፣ እሱም እምቢ አለ» አለች እናቴ።

ዘነበች ግድግዳውን ይዛ ከመደቡ ተነሣች። «እማ፣ ለሬሳዬ የሚጸልይ ቄስ አይጠፋም። ለሆዴ የመጣው ግን ይሄ ብቻ ነው።»

«ከወጣሽ ከእኔ ትሪ አትቀርቢም!»

ዘነበች የእናቴን እጅ ሳመችና ከደጃፉ ቀስ አድርጋ አወረደችው። ድስቱን ከጋሽ ያዕቆብ ተቀብላ በጭቃው ግቢ እያረፈች ወደ እሱ ቤት ሄደች። ወደ ኋላዋ አላየችም።

«ነጠላ እንኳ አልደረበችም» አለች እናቴ።

ማዶ የጋሽ ያዕቆብ በር ተዘጋ።